እንዚራዬን ማን በላት?

እናንት የዘመኔ ሰዎች፣ ጆሯችሁ ገና የሚሠራ ካላችሁ ስሙልኝ። አዲስ አበባ ላይ፣ በገዛ ቤት፣ በሑዳዴ፣ አንዲት የበገና መዝሙር መቅዳት አልተቻለም! የልጅ ልጄ "አባባ፣ ስቱዲዮ መሄድ ድሮ ቀረ፤ እዚሁ መኝታ ቤት እቀዳዎታለሁ" አለኝ። ገና አውታሩን ሳልነካ ከውጭ "ቁራሌው!" እሱ ሲያልፍ ባጃጅ፣ ባጃጁ ሲያልፍ የጎረቤት ሕንፃ ሲሚንቶ ማቡኪያ። ማታ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። የድሮ ዝናብ እኮ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ውሻውም ጨዋ ነበር፤ ጅቡ ቢጮህ እንኳ ቅኝት አይስትም።

ጸጥታማ በሰዓት እላፊው ጊዜ ቀረ! ደርግ ከተማውን ቤቱ ሲከተው፣ ቴፓችንን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ቀይዋን ቁልፍ መጫን ነው፤ ከካሴቱ ሽሽታ በቀር ኮሽ የሚል የለም። ሽሽታውም ቢሆን ለዜማው ግርማ ይሰጠው ነበር።

ልጁ ግድግዳውን የእንቁላል ካርቶን ለጠፈበት። ለጥፎ ሲያበቃ "ይሄ የክፍሉን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንሳል እንጂ የውጭ ድምፅ አያስቆምም" አይለኝ መሰላችሁ? ታዲያ እንቁላሉን በጾም ማን በላው? ድምፅ የሚያስቆመው ክብደት ነው አለ፤ ወፍራም ግንብ። የጭቃ ቤታችን ግድግዳ እኮ ክንድ ይሞላ ነበር! አፍርሰን በስስ ብሎኬት ስንሠራው ግን አንድ ጎረቤት "ተዉ" አላለንም፤ የዛሬ ጎረቤት እንዲህ ነው።

ማይኩ በጀርባው በኩል እምብዛም አይሰማም ተብሎ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጠነው። ለመንገደኛ ጀርባ መስጠት ያደግንበት አይደለም፤ ይሁን። ቀጥሎ "እምምም" የሚል መጣ። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ነው አለና የመብራቱን ገመድ ከማይኩ ገመድ አራቀ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ጸጥ አለ፤ ኮምፒውተሩም አብሮ ጸጥ አለ። ተመስገን ሳንል የሰፈሩ ጄኔሬተሮች ተነሡ።

በመጨረሻ "ጩኸቱን ኮምፒውተሩ ራሱ ይጠርገው" ተባለ። አንጀቴን ያሳረረኝ ይሄ ነው። በገና 10 አውታር አለው፤ ከየአውታሩ ሥር እንዚራ የምንላት ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያ የሚነዝር፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ የሚወጣው አውታሩ እሷን እየነካ ሲርገበገብ ነው። ያ ከንቱ መሣሪያ እንዚራዬን ጩኸት ናት ብሎ ጠራረጋት! ቁራሌውን ግን ከነዜማው ትቶታል።

አሁን የምንቀዳው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በዚህም ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበ "አባባ፣ እንተኛበት እንጂ!" ይላል፤ ከነድብደባው ተቀዳ። በገናው በደንብ ባይሰማቸው ነው ብዬ ድምፅ ማጉያ አዝዣለሁ።