ዶከሩ ይመስገን

ከጂቡቲ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሰነበተ ኮንቴይነር በአሮጌው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ዱከምን አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ ዱከም ላይ ኮንቴይነር ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ባለ 20 ጫማውን ከባለ 40 ጫማው ልጆች ሳይቀሩ ከሩቅ ይለያሉ፤ ከመኪና ወርዶ የመንገድ ዳር ሱቅ የሆነውንም ሁሉም ያውቀዋል። ይህ ሁሉ ግልጽነት ግን የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ያበቃል። ከበሩ ወዲያ ኮንቴይነር ማለት ኢሜጅ ነው፣ ኢሜጅ ማለት ቨርቹዋል ማሽን ነው፣ ቨርቹዋል ማሽን ማለት ሰርቨር ነው፤ አራቱም ተጠቅልለው «ዶከሩ» ይባላሉ። ዶከሩ ተነሥቷል፣ ዶከሩ ወድቋል፣ ዶከሩን ላክልኝ። እሰየው! አራት ነገር በአንድ ስም የጠራ ባለሙያ የተረፉትን ሦስት ስሞች ለክፉ ቀን አስቀምጧል ማለት ነው።

የዚህን አነጋገር ጥቅም አቅልሎ ማየት ነውር ነው። «ዶከሩ ወደቀ» ሲባል ማን እንደሚጠየቅ አይታወቅም። ኢሜጁን የሠራው ነው? ኮንቴይነሩን ያስነሣው? ማሽኑን የሚያስተዳድረው? ወይስ መብራት ጠፍቶ ነው? ስሙ ካልተለየ ጥፋቱም አይለይም፤ ጥፋቱ ካልተለየ ደግሞ ባልደረቦች በፍቅር ይኖራሉ። በጨረታ ሰነድ ላይማ በረከቱ እጥፍ ነው። «ኮንቴይነር የሚደግፍ ቨርቹዋል ኢሜጅ ሰርቨር፣ ብዛት 4» ተብሎ ቢጻፍ አቅራቢው ያሻውን ያመጣል፣ ንብረት ክፍል የመጣውን ይረከባል፣ ኦዲተሩም አራት መሆኑን ቆጥሮ ይፈርማል። ለሰላም ይህን ያህል የደከመ ሰነድ እስከ ዛሬ አለመሸለሙ ያሳዝናል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህኛው መልአክ ወደብ ላይ ሳይውል አልቀረም። ማልኮም ማክሊን የተባለው አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት በ1956 እ.ኤ.አ. «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ 58 ሣጥኖች ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ሂዩስተን ላከ። ዕቃን በየወደቡ እየፈቱ እንደገና መጫን ከዚያ ወዲህ እየቀረ ሄደ። ዶከር የተባለው ሶፍትዌር በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን ይህን ታሪክ ከነስሙ ተበደረ፤ ዶከር በእንግሊዝኛ የወደብ ጫኝና አውራጅ ነው። ችግሩ፣ ብድሩ ሲወሰድ ስሞቹ ቦታ ተለዋወጡ። በሶፍትዌሩ ዓለም ታሽጎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ከአገር አገር የሚጓዘው ኢሜጁ ነው። ፕሮግራሙና የሚያስፈልገው ፋይል ሁሉ በንብርብር ተደርድሮበታል፤ ንብርብሮቹ ይነበባሉ እንጂ አይጻፍባቸውም፤ መለያ ቁጥሩም ከራሱ ይዘት የተሰላ ነው። ኮንቴይነር የሚባለው ከዚያ ኢሜጅ ተነሥቶ በሥራ ላይ ያለው ሂደት ነው። በዱከም አነጋገር፣ ሳጥኑ ተከፍቶ ባለቤቱ ገብቶበት ንግድ ሲጀምር ያኔ ኮንቴይነር ሆነ እንበል። መሬቱ ግን የሌላ ነው፣ መብራቱም ከጎረቤት የተሳበ፤ የሶፍትዌሩ ኮንቴይነርም እንዲሁ ከርነሉን፣ ማለትም የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ከአስተናጋጁ ማሽን ይጋራል። ቨርቹዋል ማሽን በአንጻሩ የራሱ ከርነል አለው። የእሱ ኢሜጅ ሙሉ ዲስክ ነው፣ ከነስርዓተ ክወናው፤ ሐሳቡም አይቢኤም በ1972 እ.ኤ.አ. ቪኤም/370 የተባለውን የቨርቹዋል ማሽን ስርዓት ካወጣበት ዘመን ይቀድማል እንጂ የትናንት ግኝት አይደለም።

«ታዲያ ምን ቸገረህ፣ ሥራው እየሄደ ነው» የሚል አይጠፋም። በእርግጥም ይሄዳል፤ እስከሚቆምበት ቀን ድረስ። ኮንቴይነር ሲነሣ ከኢሜጁ ንብርብሮች በላይ አንድ ስስ የሚጻፍበት ንብርብር ይሰጠዋል፤ ኮንቴይነሩ ሲሰረዝ ያም አብሮ ይሰረዛል። «ኢሜጁ እኮ አለን» ብሎ የደንበኞችን መዝገብ ኮንቴይነሩ ውስጥ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ኢሜጁን በእርግጥ አላጣም፤ ያጣው መዝገቡን ብቻ ነው። «ኮንቴይነርም ቨርቹዋል ማሽንም አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ፕሮግራሙን ከአስተናጋጁ ይነጥላሉ» የሚለው ደግሞ በየካቲት 2011 (ፌብሩዋሪ 2019 እ.ኤ.አ.) በራንሲ ላይ የተገኘውን ቀዳዳ ያስታውስ። ራንሲ ዶከርን ጨምሮ ብዙዎች ኮንቴይነር የሚያስነሡበት መሣሪያ ነው፤ በቀዳዳው በኩል ክፉ ኮንቴይነር የአስተናጋጁን ማሽን ሙሉ ሥልጣን ሊይዝ ይችል ነበር። ቨርቹዋል ማሽንም ቀዳዳ አያጣም፣ ግድግዳው ግን ሌላ ግድግዳ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ የጥበቃ ዕቅድ የትኛውን ግድግዳ እንደሚጠብቅ ራሱም አያውቅ።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ነገሮቹ ራሳቸው ተደባልቀዋል ይላል። እውነት አለው። በዊንዶውስና በማክ ላይ የሚጫነው ዶከር ዴስክቶፕ የሊኑክስ ኮንቴይነሮችን የሚያስነሣው በስውር በፈጠረው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው፤ ኢሜጅ የሚለው ስምም ለዲስክ ኢሜጅ ጭምር ስለሚውል ሁለት ቤት ያገለግላል። ግን በ2015 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ የኮንቴይነር ደንብ አውጪው የኦሲአይ ማኅበር የኢሜጁን ደንብ ለብቻ፣ የማስነሻውን ደንብ ለብቻ ጽፏል። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ከሆነ ስም መለየቱ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የትኛው የትኛው ውስጥ እንደገባ በምን ይነገራል?

የአማርኛ ተቆርቋሪዎች እዚህ ላይ መፍትሔ ይዘው ይመጣሉ፤ ኢሜጅን «ምስል»፣ ቨርቹዋል ማሽንን «ምናባዊ ማሽን» እንበል ይላሉ። ምስል ከተባለማ ግድግዳ ላይ እንስቀለው። ምናባዊው ማሽን ደግሞ የሚበላው ሜሞሪና የሚያስከፍለው የመብራት ሒሳብ ምናባዊ ቢሆንልን ምንኛ በታደልን! የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚን አንወቅስም፤ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው ዶከር ከመፈጠሩ በፊት ነው። ደግሞ የተውሶ ቃል ጠላት አይደለም። በዱከም መንገድ ዳር ከባድ መኪና የሚጠግነው መካኒክ ፍሬንን፣ ፍሪሲዮንን፣ ካምቢዮን፣ ማርሚታን ከጣሊያን ተውሷል፤ ፍሪሲዮኑን ፍሬን ብሎ የጠራበት ቀን ግን የለም፣ ጠርቶም ቢሆን መኪናው ቁልቁለት ላይ ያርመዋል። ኢሜጅም፣ ኮንቴይነርም፣ ቨርቹዋል ማሽንም በግዕዝ ፊደል እንደተጻፉ ይኑሩ። የቨርቹዋል ማሽኑ ኢሜጅ ሲሆን «የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ኢሜጅ» ተብሎ ሙሉ ስሙ ይጠራ፤ ዶከር ደግሞ የአንድ መሣሪያ ስም ሆኖ ይቅር።

ያን ጊዜ የጨረታው መስመር እንዲህ ይሆናል፦ «የየራሳቸው ከርነል ያላቸው 4 ቨርቹዋል ማሽኖች፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ኮንቴይነር የሚያስነሣ ሶፍትዌር፤ የሚነሡት ኢሜጆች መለያ ቁጥር በአባሪ፤ የመረጃው ማስቀመጫ ከኮንቴይነሩ ውጭ»። አምሮበታል፣ ግን አንድ ከባድ ጉድለት አለበት፤ አቅራቢው ምን እንዳላመጣ ይታወቅበታል።