የማይታየው ጠላት

ድኽነት ነውር እንዳይደለ፣ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ሲኒማም ስለ ኪሱ መሳሳት ብቻ ሊነቀፍ እንደማይገባው አስቀድሜ እመሰክራለሁ፤ ይህንንም ማለቴ እ.ኤ.አ. በ2006 አውስትራልያኖች ሠርተው «ኮኮዳ» ብለው የሰየሙትን የጦርነት ፊልም ካየሁ በኋላ ያደረብኝን ቅሬታ የባለጸጋ ንቀት ነው የሚል እንዳይኖር ነው።

ታሪኩማ የሚያኰራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፓኖች በኒው ጊኒ ሰሜናዊ ጠረፍ ወርደው፣ የኦወን ስታንሊን ተራሮች ተሻግረው ፖርት ሞርስቢን ሊይዙ ሲገሠግሡ፣ 96 ኪሎ ሜትር በሚረዝመውና አብዛኛው ክፍሉ ሰውን አንድ ባንድ ብቻ በሚያሳልፈው የኮኮዳ የጭቃ መንገድ ላይ መጀመሪያ ከገጠሟቸው መካከል፣ መደበኛው ጦር «የቸኮላታ ወታደሮች፣ ሙቀት ሲነካቸው ይቀልጣሉ» እያለ ያፌዝባቸው የነበሩት የአውስትራልያው 39ኛ ሻለቃ ልጆች ነበሩ፤ አልቀለጡም። እንዲያውም በኢሱራቫ ውጊያ፣ ታመዋል ቆስለዋል ተብለው ወደ ኋላ ከተላኩት አንዳንዶቹ የጓዶቻቸውን መጨነቅ በሰሙ ጊዜ ተመልሰው ገብተዋል።

ይህን የመሰለ ገድል ተይዞ ምን ተደረገ? ተዋንያኑ ሁሉ ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር ጭቃ ተለቅልቀው ስለ ቀረቡልን፣ አንዱ በወደቀ ቍጥር የወደቀው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የቀሩትን መቍጠር ግድ ሆነ፤ ለነፍሱ ዕረፍት የተመኘንለት ጐበዝ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሙሉ ጤንነት ከቍጥቋጦ ብቅ ሲል፣ ትንሣኤ ሙታን እንዳየ ሰው ደንግጠን፣ ሐዘናችንን ወደ ሌላው አዛወርነው።

አብረውኝ ያዩት የአክስቴ ባል፣ በዱሮው ጦር ሠራዊት የመቶ አለቃ የነበሩ ሰው ናቸው። ቅጠል ይነቃነቃል፣ ተኵስ ይንጣጣል፣ አንዱ ይወድቃል፤ ጃፓኑ ግን ጥላው አለፍ ከማለቱ በቀር እንደ ረቂቅ መንፈስ አይታይም።

«ልጄ፣ ጠላቱ የታለ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ገንዘብ አጥሯቸው ይሆናል።»

«ኦጋዴን ሌላው ቢቀር አቧራቸውን እናይ ነበር» ብለው ዝም አሉ።

በዚያ ደን የተዋጉትም ብዙዎቹ ተኳሹን ሳያዩ መውደቃቸው እሙን ስለ ሆነ፣ ጠላትን መሠወር በራሱ ጥበብ ሊሆን ይችል ነበር፤ ቅር ያሰኘኝ፣ ሥውርነቱ ጥበብ ይሁን ቍጠባ ፊልሙ ራሱ ያልለየለት መምሰሉ ነው። ፍርድ እንዳላጓድል ግን፣ በመጨረሻ አዛዡ ለተረፉት ጥቂት ሰዎች ንግግር ሲያደርግ፣ የአክስቴ ባል ከሶፋው ተነሥተው ቀጥ ብለው ቆመው አዳመጡት። ሌላውን ሁሉ ተቀምጠው፣ እኩሌታውንም አንቀላፍተው ነው ያሳለፉት።

ገንዘብ ማጣትን እንደ ምክንያት እንዳልቀበል የሚከለክለኝ ደግሞ ዴሚየን ፓረር የተባለው ካሜራ አንሺ ነው። ይህ ሰው በዚያው በ1942 መንገዱን በእግሩ ሄዶ፣ በተቅማጥ እየተሠቃየ፣ ጓዙን እየጣለ ካሜራውንና ፊልሙን ግን ሳይጥል ተመለሰ፤ ካመጣውም «የኮኮዳ ግንባር» የሚባለው ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶ፣ ለአውስትራልያ የመጀመሪያውን የኦስካር ሽልማት አስገኘ። በዚያ ውስጥ ቍስለኛው ፊት አለው፤ በስተኋለኛው ፊልም ብዙም ያላየናቸው የፓፑዋ ተወላጆች ቃሬዛውን በትከሻቸው ይዘው፣ በሚያንሸራትተው ዳገት ላይ እግራቸውን እየመረጡ ሲያሳርፉ ይታያሉ፤ አንድም ሰው ከሌላው አይምታታም።

ርዝመቱ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ነው። የ2006ቱ 92 ደቂቃ ይፈጃልና፣ አንባቢዬ የፊተኛውን የመረጠ እንደ ሆነ፣ በተረፈው ጊዜ እስከ በረካ ድረስ ቡና ሊጠጣበት ይችላል።