ወዳጅ አለ፣ ወዳጃ የለም

ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬን እከፍታለሁ። ዜና ለማየት እንዳይመስላችሁ፤ ዜናውንማ ማን ደፍሮ በባዶ ሆድ ያየዋል! ሰባት ፊደል ለማየት ነው። የእህቴ ልጅ ክረምቱን ሊያሳልፍ እዚህ ወሎ፣ መካነ ሰላም መጥቶ ሳለ ጭኖልኝ የሄደ ጨዋታ ነው። ፊደሎቹ እንደ ማር እንጀራ ተጠጋግተው ይመጣሉ፤ አንዱ መሐል ይቀመጣል። መሐለኛውን የግድ እያስገባችሁ ሦስት ፊደልና ከዚያ በላይ ያለው ቃል ትሠራላችሁ። አንዱን ፊደል መደጋገም ይፈቀዳል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሆን ሌላ ሰባት ይተካል። ፈረንጆቹ ዘንድ ኒውዮርክ ታይምስ በነሱ አቆጣጠር በ2014 በወረቀት፣ በ2018 ደግሞ በኢንተርኔት ያወጣው ጨዋታ ዘመድ ነው። የኛውን ማን እንደሠራው ግን ስሙን አልጠራም። ተጣልተናል።

የተጣላነው ማክሰኞ ዕለት ነው። ፊደሎቹ ወ፣ ረ፣ ደ፣ ዳ፣ ጅ፣ ጃ፣ ን ነበሩ፤ መሐለኛው ወ። «ወረደ» አልኩ፣ ተቀበለኝ። «ወደደ»፣ እሺ። «ወረረ»፣ እሺ። «ወረዳ» ስለው ደስ ብሎት አበባ በተነልኝ። «ወዳጅ»ንም ወሰደ። ከዚያ ጃን አየኋትና ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። ለወሎዬ የተላከች እጅ መንሻ መሰለችኝ። ተረጋግቼ ወሎ ተሰብስቦ የሚጸልይበትን ሥርዓት፣ «ወዳጃ»ን ጻፍኩ። ስልኩ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠና «ይህ ቃል በመዝገባችን የለም» አለኝ።

መጀመሪያ ጣቴ ስቶ መሰለኝ። ደግሜ ጻፍኩ። የለም። ሦስተኛ ጻፍኩ። ቡናው ፈልቶ ገነፈለ፤ እኔ እዚያው ነኝ።

ቆይ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የእንግሊዝኛው ገበታ 26 ፊደል ብቻ ነው። የኛ ገበታ 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ እነ ቋን፣ እነ ጓን ሳንቆጥር። ከዚህ ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሰባት ብታነሡ ዤ፣ ጱ፣ ኼ፣ ፔ ሊደርሳችሁ ይችላል። ከነዚህ ምን ቃል ይወጣል? ማስነጠስ ካልሆነ በቀር ምንም። እንግዲያው ፊደሎቹን ቁጭ ብሎ የሚመርጥ ሰው አለ። ሰው ካለ ደግሞ ጃን አስቦባት ነው ያስቀመጣት። ከወ ጋር ሆና ከወዳጃ ሌላ ምን ልትሠራ?

ይህ ሰውዬ ከፊደል ጋር ቂም ሳይኖረው አይቀርም። ባለፈው ሰሞን በንጉሡ ሠ አንድ ቃል ጽፌ በእሳቱ ሰ ካልሆነ ብሎ መልሶብኛል። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላታቸው ርእሱ ራሱ «ዐዲስ» ብሎ በዐይኑ ዐ ይጀምራል። የኔ ስልክ ያንን ትልቅ መጽሐፍ ከነሽፋኑ «የለም» ሊለው ነው ማለት ነው።

ልጅ ሆነን ማታ እሳት ከበን «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ስንባባል ቢያንስ ወግ ነበረው። ያልቻለ አገር ይሰጣል። እኔ ሰነፍ ስለነበርኩ ወግዲን፣ አጅባርን፣ አቀስታን በየተራ አስረክቤ፣ የባሰ ቀን ደሴንም ሰጥቻለሁ። ግን ተቀባዩ አገሩን ከወሰደ በኋላ መልሱን ይነግርሃል። ይህ ስልክ አገሬን ወስዶ መልሱን አይነግረኝም።

አዎ፣ አገሬን ነው የወሰደው! ወረረን ያውቃል። ወረዳን አበባ በትኖ ይቀበላል። ረከቦቱ ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ጫቱ ተበትኖ፣ የታመመው ስለ በሽታው፣ ልጅ የጠፋበት ስለ ልጁ ተናግሮ፣ ቤቱ ሙሉ «አሚን!» የሚልበትን የወዳጃ ሌሊት ግን አያውቀውም። ባያውቅ ምን ነበረበት? ብዙ የማላውቀው አለ እኔም። «አላውቀውም» ቢለኝ ይቅር እለው ነበር። የለም ነው ያለኝ! ስንት አባትና እናት ሲያድሩበት የኖሩትን ነገር፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቃል ዝርዝር የለቀመ ሰው የለም አለኝ። የኛ ሰው ደንቆሮ ጫካ ብሎ የሚጠራው፣ አሁን የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የተባለው ዱር፣ ቢጠሩት ከዚህ ስልክ በተሻለ ያስተጋባል።

ይህን ለራሴ እየደነፋሁ ሳለ ጎረቤታችን ባልቴቷ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

«ከስልክ ጋር ነው፣ እማማ።»

«ይተውህ። ማታ ወዳጃ አለ፤ ብቅ በል።»

«ዛሬ እንኳ ሥራ አለኝ» አልኳቸው። እውነት ነው፤ ከሰባቱ ፊደሎች ገና ያልወጡ ሦስት ቃላት ነበሩኝ። እሳቸውም የስልኩን ፊት አንድ ጊዜ አይተው፣ ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ንዴቴ በረደ። ጨዋታውን የሠራው ልጅም (ልጅ ነው ብያለሁ፣ ሽማግሌ እንዲህ አይጨክንም) ማታ ማታ እንቅልፉን እያሸነፈ ቃል ሲለቅም የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ወዳጃ ጠርቶት የሚያውቅ ሰው ባይኖርስ? እሱን ተውኩና የከተማችንን ስም በወረቀት ጻፍኩ፤ መ፣ ካ፣ ነ፣ ሰ፣ ላ፣ ም። ስድስት ብቻ ናት፣ ግን ምን የመሰለች! ላም ወጣልኝ። መላ፣ ነካ፣ ላሰ፣ ነሰነሰ። መነነ ወጣልኝ፤ ከዚያው ከአንዱ ስም መካም ወጣልኝ። ገዳም የገባውም ሐጅ የሄደውም እዚሁ መካነ ሰላም ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ፊደል ተበዳድረው። ሰላላም ይገኛል። መነመነም አለ፤ እሱን ግን ለከተማዬ አልወደድኩላትም፣ በእርሳስ ሰረዝኩት።

ማታ ከባልቴቷ ቤት የዕጣኑ ሽታ በአጥሩ ገባ። «አሚን» ሲባል ይሰማኛል። ለእህቴ ልጅ ደወልኩና ጃ ከወ ጋር ምን ልትሠራ እንደምትችል ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ምናልባት ለማሳሳት ያስቀመጧት ናት» አለኝ። ለማሳሳት! ሰዓቴን ሳየው ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ አለኝ።