ቀለም የገባው ማክሮ

ሰኔ 30 ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የመሥሪያ ቤታችን የክፍያ ሰንጠረዥ ድምሩ ከባንኩ አልገጥም አለ። ኃላፊያችን ማክሮ የሚጽፈውን ልጅ አስጠሩና ስክሪኑን ትክ ብለው ካዩ በኋላ፣ «ይሄ አረንጓዴ አልፈዘዘም? እያንዳንዱ ሰው የወደደውን የሚመርጥበት ነገር ብትጨምርበትስ?» አሉት። እግዜር ይስጣቸው። ድምርማ የትም አይሄድም።

ልጁ ታዛዥ ነው፤ ሦስት ቀን ፈጀበት። እርግጥ ኤክሴል ራሱ የቀለም ባልዲ ከሰንጠረዡ አናት ላይ አስቀምጧል፤ ጎኑ ያለችውን ቀስት ሲጫኗት ተጨማሪ ቀለምም ያወጣል። ግን እሱን ማንም ይነካዋል። የተከበረ መሥሪያ ቤት የራሱ መስኮት ያስፈልገዋል።

የመስኮቱን ጥበብ ላጫውታችሁ። የኤክሴል ማክሮ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በቪቢኤ ውስጥ፣ ከድሮ የቀረ የቀለም ማስተካከያ መስኮት አለ። ሲጠሩት ይከፈታል፣ ሰውየው ደስ ያለውን ይመርጣል። «ምን መረጠ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግን መልሱ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብቻ ነው። ቀለሙን ሄዳችሁ ከፋይሉ 56 የቀለም ሳጥኖች ውስጥ ፈልጉ፤ እነዚያ 56ቱ እ.ኤ.አ. ከ2007 እትም በፊት የኤክሴል ጠቅላላ ሀብት ነበሩ። ቢገኝም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ለድረ ገጽ ቀይ የሆነውን ኮድ እንዳለ ብታስገቡት ቪቢኤ ሰማያዊ ይቀባላችኋል። ልጁ የአርማችንን ቀይ ሲፈልግ አንድ ከሰዓት በሰማያዊ አለቀበት።

ውጤቱ ግን ዓይን ይስባል። ትናንት ገንዘብ ያዣችን «ተከፍሏል» እና «አልተከፈለም» ከሚሉ ሁለት ቃላት አንዱን እንድትመርጥ ትገደድ ነበር፤ ምን ዓይነት ጭቆና ነው! ዛሬ 16,777,216 ቀለም ቀርቦላታል። ለተከፈለ የሎሚ አረንጓዴ መረጠች። ባልደረባዋ ለዚያው ለተከፈለ የባሕር ዛፍ ቅጠል አረንጓዴ ወሰደ። ሦስተኛው «ዓይኔን ያሳርፈዋል» ብሎ ወይን ጠጅ አደረገው።

አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር ቢኖር የኤክሴል ፎርሙላ ቀለም አይገባውም። (እንዲህ ያለ ልጅ በየቤቱ አይጠፋም።) ቁጥር ስጡት ይደምራል፣ ቃል ስጡት ይፈልጋል፤ «ቀዩን ብቻ ደምር» ካላችሁት ግን የኔታ አለንጋ ይዘው ቢቆሙበትም ወይ ፍንክች። ስለዚህ ቀለም የሚቆጥርለት ሌላ ማክሮ ተጻፈ። እሱም ቀለሙ ሲቀየር በራሱ አያውቅም፤ ሰው መጥቶ መቀስቀስ አለበት። ማክሮው አንዴ ከቀባ ደግሞ ኮንትሮል ዜድ ብሎ ነገር የለም፣ የተቀባ ተቀባ።

እንግሊዞች ይህ ጥበብ ስላልደረሳቸው ምን እንደደረሰባቸው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤታቸው የኮቪድ ውጤቶችን ሲያስገባ የነበረበት አሮጌ የኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አልይዝም ብሎ፣ ቫይረሱ የተገኘባቸው 15,841 ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጭ ቀሩ። ምስኪኖች! የቀለም መስኮት ቢኖራቸው የተረፉት ረድፎች እንኳ ያምሩ ነበር።

ሰኔ 30 ማታ ሰንጠረዡ ለፊርማ ታተመ። ፕሪንተራችን ከጥቁር ሌላ አያውቅም። ሎሚው፣ ባሕር ዛፉ፣ ወይን ጠጁ፣ ሁሉም ግራጫ ሆነው ወጡ። ኃላፊያችን ወረቀቱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው «የተከፈለው የቱ ነው?» ሲሉ ሁላችንም አቀረቀርን። ሂሳብ ሹማችን እስክሪብቶ አወጣችና ደረሰኞቹን እያገላበጠች በየረድፉ ጫፍ «ተ» እና «አ» እያለች መጻፍ ጀመረች። ሦስተኛው ገጽ ላይ እጇ ቆመ፤ አንዱ ደረሰኝ ሁለቴ ተመዝግቧል። ባንኩ አልገጥም ያለው በሱ ነበር።

ኃላፊያችን ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። «ጎሽ!» አሉና ወደ ልጁ ዞሩ፦ «በል፣ ያቺን ረድፍ ቀይ አድርግልኝ። ደመቅ ያለውን ቀይ።»

ልጁ መስኮቱን ከፈተ።