ፍሪጅን በጀነሬተር የማቃጠያ ዘዴ

ቀኑ ኅዳር 26 ይሁን። የአባ ኢየሱስ ሞዓን በዓል ሐይቅ እስጢፋኖስ ያከበረው ምእመን ከገዳሙ ሲመለስ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አረፍ ብሎ ቀዝቃዛ ነገር ይጠይቃል፤ መብራት ይሄዳል። ፍሪጅ ለማቃጠል የሚመች ሰዓት ይህ ነው፤ ሰው ይቸኩላልና።

ስለዚህ ምንም ነገር ሳትነቅል የጀነሬተሩን ገመድ ሳብ። ሞተሩ ገና እየተንተፋተፈ ቮልቴጁ ከ220 በታች ሲዋዥቅ ፍሪጁ ልነሳ ይላል። ኮምፕረሰር ለመነሳት ብቻ፣ ከተነሳ በኋላ ከሚወስደው ከረንት አምስትና ስድስት እጥፍ ይፈልጋል። ያን ካላገኘ መዞር ያቅተውና ባለበት ይግላል፤ የውስጡ ጥቅል ሽቦ የሚያርረውም እንዲህ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅና ድምፁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ታግሶ፣ መጀመሪያ ፍሪጁን፣ ከዚያ ሌላውን በየተራ የሰካ ሰው ፍሪጁ ይተርፍለታል።

ጀነሬተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም እስከ መጨረሻው እመን። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚያ ያጣል። 2.5 ኪሎ ዋት የተባለው 2 ቢሰጥ ነው። በዚያ ላይ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ካከልክበት ሞተሩ ያቃስታል፣ ቮልቴጁም ይወድቃል። ያኔ ጉልበት ልጨምርለት ብለህ የፍጥነት ማስተካከያውን በግምት ጠምዝዝ፤ ጭነቱ ሲነሳ ቮልቴጁ ሽቅብ ይዘልና የቴሌቪዥኑን ቦርድ ይበላል። ቤንዚኑም ጠብታ እስኪቀር አታጥፋው። ነዳጅ ሊያልቅ ሲል ሞተሩ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይደክማል፤ ዕቃ የሚጎዳው በዚያ መወዛወዝ ነው።

መብራት ሲመጣ ፍሪጁን ወዲያው መልሰህ ሰካው። ኮምፕረሰሩ ውስጥ የታመቀው ጋዝ ሳይረጋጋ እንዲነሳ ማስገደድ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቢያርፍ ግን ያለ ችግር ይነሳል። ይህን የሚጠብቅልህ፣ ዘግይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር ገበያ ላይ አለ።

አንዱን ግን በፌዝ እንኳ አልመክርም፦ በሁለቱም ጫፉ ስፒና ባለው ገመድ ጀነሬተሩን ግድግዳው ሶኬት ላይ መሰካት። ዋናው ካልተቋረጠ የአንተ 220 ቮልት ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ይመለሳል፣ እሱም ወደ 15,000 ያሳድገዋል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል። መብራት ኃይልንና ጀነሬተሩን የሚለያይ ማብሪያ በኤሌክትሪሺያን አስገጥም፤ እስኪገጠም ድረስ ፍሪጁን በቀጥታ ከጀነሬተሩ ሰካ፣ ጀነሬተሩም ጭሱ ቤት በማይገባበት ደጅ ይቁም።