ሁሉ ሰሚ፣ ጠሪ የለ

የሬዲዮ አማተሮች የሚባሉ ሰዎች አሉ። ፈቃድ አውጥተው፣ አንቴና ተክለው፣ "ሲኪው፣ ሲኪው! የሰማኝ አለ?" እያሉ ከማያውቁት አገር ሰው ጋር የሚያወጉ። በእኛም አገር አዲስ አበባ፣ 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ካምፓስ፣ ኢቲ3ኤኤ ብሎ የሚጣራ የማኅበር ጣቢያ አላቸው። ኢትዮጵያ አየር ላይ እንደ ልብ ስለማትገኝ፣ እሱ ብቅ ሲል ፈረንጁ ሁሉ ይሻማበታል። በዓለም ዙሪያ ግን አማተሮቹ "አየሩ ጭር አለ" እያሉ ያማርራሉ። ሰው ጠፍቶ አይደለም። ሁሉም ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ሌላው እስኪጣራ ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል።

ኧረ ይሄስ የእኛ የደሴው ሳላይሽ ሰፈር የቴሌግራም ግሩፕ ነው! ባለፈው አንዷ "ነገ ውሃ ይመጣል?" ብላ ጠየቀች። ዝም። ጠዋት ጀሪካን ይዘን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሁላችንም ጥያቄውን አይተነዋል፤ ሁላችንም መልስ እየጠበቅን ነው። ቧንቧ የሚከፍተው ሰውዬም ግሩፑ ውስጥ አለ። እሱም መልሱን እየጠበቀ ነበር።

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ሚኒባስማ ተዉት። ድሮ መናኸሪያ ላይ የተዋወቀ ሰው ኮምቦልቻ ሳይደርስ ለሠርግ ይጠራራ ነበር። ዛሬ ሁሉም ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ ያቀረቅራል። ዶሮ መዝለያ ገደል ላይ ሾፌሩ መሪውን ሲጠመዝዘው ብቻ ግማሹ "በስመ አብ!" ግማሹ "ቢስሚላህ!" ይላል። ያች ገደል ባትኖር የወሎ ሰው ድምፅ ምን እንደሚመስል በረሳን ነበር።

በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከአቦል እስከ በረካ ወሬያችን "ወይኔ ግሩፑ!" ነበር። ሲመለስ ምን ጻፍን? የአበባ ስዕል፣ ከሥሩ "መልካም ቀን"። አማተሮቹም እንዲሁ ናቸው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1993 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ጆ ቴይለር ከባልደረባቸው ጋር ሆነው በ2017 ኤፍቲ8 የሚባል ነገር አወጡላቸው። ኮምፒውተር ለኮምፒውተር በየ15 ሰከንዱ ተራ በተራ "ሰማሁህ፣ ደህና ሁን" ይባባላል፤ ባለቤቱ አንዲት ቃል አይተነፍስም። እኛ ግን ለዚህ ኖቤል አላስፈለገንም፤ ጽጌረዳ በቃን።

ትናንት ማታ ደግሞ አንዱ "ማን አለ?" ብሎ ጻፈ። እኔ አለሁ፤ አይቼዋለሁም። የጎረቤቴ የእትዬም ስልክ ከአጥሩ ወዲያ ሲጮህ ሰምቻለሁ።

"አንች ልጅ፣ ምነው አትመልሽለትም?" አሉኝ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው።

"ታላቅ እያሉ እኔ ልቅደም እንዴ? አንቱን እየጠበቅሁ ነዋ!"

"አብሽሪ፣ እኔም ወጣት ይቅደም ብዬ ነው።"

እንዲህ እየተከባበርን ቆመን፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሰው ዝምተኛነት እስኪመሽብን አወራን። ልጁ አሁንም "ማን አለ?" እንዳለ ነው።