የካሶኒ ካፖርት፦ ከመሐል ሜዳ የተገኘ መጠነኛ ጥናት

ስለ መንዝ ከተጻፉት ጥናቶች ሁሉ ስሙ ርቆ የሄደው የአሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ የዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ነው። በ1965 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ይህ መጽሐፍ የመንዝን ገበሬ አነጋገርና ጠባይ አንድ በአንድ ይመረምራል፤ የፒክአፕ ካሶኒ ምን ይልበስ ለሚለው ጥያቄ ግን አንዲት መስመር አልሰጠም። ቶዮታ ሃይሉክስ ከጃፓን የወጣው መጽሐፉ ከታተመ ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሆነ በደራሲው አንፈርድም። ቢሆንም ክፍተት ክፍተት ነው። ሌላ ሰው ሲሞላው ብንጠብቅ አልመጣም፤ እኛው ገባንበት።

በቅድሚያ የስያሜ ችግር አለ። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲሄድ የመኪናውን ገላ እያንዳንዷን ክፍል ክርስትና አንሥቶ ነው የሄደው፦ ሾፌሩ የሚቀመጥበት ጋቢና፣ ጭነቱ የሚያርፍበት ካሶኒ፣ የጎኑ ግድግዳ ስፖንዳ፣ ሁሉም የተሠራበት ላሜራ። ለካሶኒው ልብስ ግን ስም አልተወልንም። በዚህ የተነሣ ሰው እንደየዕውቀቱ ይጠራዋል፤ አንዱ «ላይነር»፣ አንዱ «ፕላስቲኩ»፣ አንዱ «ምንጣፉ» ይላል። የጥናቱ ዋና ተጠኚ የሆነው አጎቴ «ካፖርት» ይለዋል። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ያለ ካፖርት ውጭ ማደር ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ስያሜ አይገኝም፤ እኛም ተቀብለነዋል።

አጎቴ አገልግሎት የሰጠ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ገዛ። ነጭ ናት። ካሶኒዋን ቀድሞ የነበረው ባለቤት በቅርቡ ቀለም አስቀብቷት ስለነበር ውስጧ እንደ ፋሲካ ነጠላ ያበራል። መኪናዋ ደጅ ከቆመች በኋላ አጎቴ ለሦስት ቀን ምንም አልጫነባትም። በአራተኛው ቀን ጎረቤት አንድ ኩንታል ገብስ ሊያስጭን ቢመጣ፣ «ካፖርት ሳትለብስማ አይሆንም» ተብሎ ተመለሰ። ገብሱ በአህያ ሄደ።

ይህን ጠባይ ከባህላዊ መሠረቱ ነጥሎ ማየት ስሕተት ነው። የእኛ ሰው ቴሌቪዥኑን ዳንቴል ያለብሳል፣ ሪሞቱን በላስቲክ ይጠቀልላል፣ ሶፋውን በአንሶላ ይሸፍናል፣ የመኪናውን ወንበር ፋብሪካው ከጠቀለለበት ላስቲክ ሳያወጣ ዓመታት ይነዳል። ከረጅም ምልከታ በኋላ የደረስንበት ሕግ የሚከተለው ነው፦ ማንኛውም ዕቃ የሚሸፈነው ለእንግዳ ተብሎ ነው፤ እንግዳው ሲመጣም አይገለጥም። በአጎቴ ጋቢና ውስጥ ያለው ላስቲክ በጋ ላይ ከሱሪ ጋር ይጣበቃል፣ ክረምት ላይ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። እስካሁን ግን አንድም ሰው ሲነካው አላየንም።

ካሶኒ ላይ ምን ይወጣል የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። ኩበት፣ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ማዳበሪያ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ግን በግ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ጠጉሩ ሻካራ፣ ላቱ ሰባ ያለ፣ ብርድ የማይበግረው ፍጡር ነው። የተሻሉ አውራዎችን በኅብረት መርጦ ዝርያውን ለማሻሻል ተመራማሪዎች ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከዚሁ አገር ገበሬዎች ጋር ሲሠሩ ኖረዋል። በጉ በወጣበት ካሶኒ ላይ ስለሚያደርሰው ግን ዝም ብለዋል። በግ አራት ሰኮና አለው፤ ሃያ በግ ሰማንያ ሰኮና ነው፤ ሰኮናው ቀለሙን ይፍቃል፣ ሽንቱ በተፋቀው በኩል ይገባል። በሽንቱ ውስጥ ያለው ዩሪያና ገበሬው በኩንታል የሚገዛው ዩሪያ በኬሚስትሪ አንድ ናቸው። ልዩነቱ አንደኛው በወረፋ የሚገኝ ሲሆን ሌላኛው ያለ ወረፋ መምጣቱ ነው። ጨውና እርጥበት ሲጨመርበት ላሜራው ከሥር ይበላል።

አጎቴ በመጀመሪያ ያሰበው ተገጣጣሚውን ፕላስቲክ ነበር። ይህ በካሶኒው ልክ ተቀርጾ የሚመጣ፣ እንደ ገበታ ከላይ የሚቀመጥና በብሎን የሚያዝ ጥቁር ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ዐይን ይሞላል፤ ካሶኒው ጫማው የተወለወለ ሰው ይመስላል። ጥናቱ የበለጠ እንዲጠና ፕላስቲክ በለበሰች የሌላ ሰው ፒክአፕ ከበግ ጋር ተሳፍረን ወረድን። መንገዱ ጣርማ በር ላይ ከደሴው አስፋልት እስኪገናኝ ድረስ መታጠፍ አያልቅበትም። መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ በጉ በሙሉ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ በጉ በሙሉ ወደ ግራ ይሄዳል። ልሙጥ ፕላስቲክ ላይ ሽንት ሲፈስበት ሰኮና መያዣ የለውም። ሁለተኛው ነገር ደግሞ የሚታየው ብሎኑ ሲፈታ ነው። ፕላስቲኩ መኪናዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ከላሜራው ጋር እየተፋተገ ቀለሙን ይገፍፋል፤ በዳር የገባው ውሃና አፈር መውጫ አጥቶ እዚያው ያድራል። ላዩ ሲያበራ ሥሩ ይዝጋል። እዚህ ላይ ሌቪን ቢኖር ደስ ይለው ነበር፤ ፕላስቲኩ ሰም፣ ዝገቱ ወርቅ መሆኑ ነው፤ ቅኔው የሚፈታውም ባለቤቱ መኪናዋን ከሸጠ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የሚረጨውን ዓይነት ለመመርመር አዲስ አበባ ተወረደ። ይህኛው ከላሜራው ጋር ተጣብቆ የሚደርቅ ወፍራም ሻካራ ልባስ ነው፤ ውሃ ከሥሩ አያስገባም፣ በግም አያንሸራትትም። በሙያው በኩል ከሁሉ የሚሻል ይመስለኛል። ባለሙያው እንዲህ ሲል አስረዳን፤ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይህን የሚያብረቀርቅ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እናሻክረዋለን። አለዚያ አይይዝም።» አጎቴ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ጠየቀ፦

«ቀለሙ እንዳይፋቅ ነው የመጣሁት።»

«አዎ ጋሼ።»

«አንተ ደግሞ ልትፍቀው ነው።»

«አዎ ጋሼ። ከዚያ በኋላ አይፋቅም።»

ወደ መሐል ሜዳ ተመለስን። ከሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ አጎቴ አንድ ቃል አልተናገረም።

ለጥናቱ የሚበጀው ማስረጃ የተገኘው ከጎረቤታችን ከአንድ አዛውንት ነው። በወጣትነታቸው አህያ ሲነዱ የኖሩ የሲራራ ነጋዴ ናቸው። መንዝ በጭነትና በጀርባ መካከል ምን ይግባ የሚለውን ጥያቄ ሲያስብ የኖረ አገር ነው። በሌላው አገር የዝናብ ልብስ ከፋብሪካ ሲጠበቅ፣ እዚህ የጓሳን ሣር ጎንጉኖ ገሳ ይለብሳል። ያው ሣር ገመድ ይሆናል፣ የቤት ክዳን ይሆናል፤ ዛሬም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የጓሳ ሜዳ ለዓመታት ተዘግቶ ሣሩ ሲደርስ የሚከፈተው ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ነበር። ከበጉ ጠጉር ደግሞ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራል። አህያ ላይ እህል ከመጫኑ በፊት ኩርታን ይቀመጣል። አዛውንቱን «አባባ፣ ለመኪናዋ ምን ይሻላል?» ስላቸው ካሶኒውን በከዘራቸው ሁለት ጊዜ ቆረቆሩት።

«ኩርታን የሚቀመጠው ለእህሉ ነው ለአህያው?»

«ለአህያው።»

«እህል ጀርባ የለውም፣ አይገጠብም። አህያ ሲገጠብ ቁራ ይመጣል፤ ታያለህ፣ ታወርድለታለህ። መኪና ሲገጠብ ቁራ አይመጣም። እንግዲህ የሚነሣ ነገር አድርጉበት፤ እያነሣችሁ እዩት።»

ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ጀምሮ እስከ መሐል ሜዳ ካነጋገርናቸው ሰዎች ሁሉ ስለ ፍተሻ ያነሣ እሳቸው ብቻ ናቸው። በዚህ መሠረት ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ተመረጠ። ጎማ ሰኮና ይይዛል፣ ሲወድቅበት ድንጋይ ያነጥራል፣ ሁለት ሰው ጠቅልሎ ያወጣዋል፣ ይታጠባል፣ ከሥሩ ያለው ይታያል። ላዩ ላይ ጭድ ከተነሰነሰበት ሽንቱን ይመጠዋል። አጎቴ ገዝቶ አነጠፈው።

ጥናቱ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ነገር ግን ጎማው ውድ ነበር። አጎቴ በሳምንቱ ጎማው እንዳይላላጥ ሸራ ገዝቶ አለበሰው። ሸራውም ጥሩ ሸራ ስለሆነ፣ በግ በሚጫንበት ቀን እንዳይበላሽ ተጠቅልሎ ጋቢና ይገባና ላስቲክ በለበሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል። በዚያን ቀን ጋቢና ቦታ ስለማይኖር አዛውንቱ ከበጎቹ ጋር ካሶኒ ላይ ይሄዳሉ። ለእሳቸው ምን ይነጠፍ የሚለው ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው። በጭነት መኪና ሰው መጫን ክልክል ነው፤ ስለዚህ በደንቡ መሠረት እሳቸው እዚያ የሉም። ስፖንዳውን ግን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነው የሚሄዱት።

ካሶኒ ያላችሁ አንባቢዎች ሁለት ነገር እንድታደርጉ እንለምናለን። ከወለሉ ማዕዘን ያለችውን የውሃ መውጫ ቀዳዳ በምንም ዓይነት ልብስ አትድፈኗት። ካሶኒዋ ተገጣጣሚ ፕላስቲክ የለበሰች ከሆነም፣ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ብሎኑን ፍቱና ከሥሩ ተመልከቱ። ልትሸጧት ካሰባችሁ ግን ገዢው በሌለበት ቢሆን ይመረጣል።